ከጥገና ጠረጴዛ የሚጀምር ዕድገት

ጅማ ውስጥ ሂርማታና መርካቶ አካባቢ፣ አጋሮ አስፋልቱ ዳር፣ ሊሙ ገነትና ሰቃ ድረስ ቢሄዱ የሞባይል መሸጫና መጠገኛ ቤት አያጡም። የሚደረደረው ዕቃ አንድ ዓይነት ነው፦ ከቨር፣ ቻርጀር፣ ኤርፎን፣ የስክሪን መስታወት፣ ጥቂት የቁልፍ ስልክ፣ ጥቂት ስማርት ስልክ። አብዛኛው ዕቃ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ ስለሚመጣ አንዱ ነጋዴ ከሌላው በብዙ አሳንሶ መሸጥ አይችልም። ዋጋ በመስበር ብቻ እዚህ ገበያ ላይ ማደግ አይቻልም።

የሚያዋጣ ሌላ መንገድ አለ፤ አዲስም አይደለም። በቴሌኮም ዕቃ ሥራ ዓለም ያወቃቸው ኩባንያዎች ትንሽ በነበሩበት ጊዜ የሄዱበት ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ለጅማና በዙሪያዋ ላሉት የቡና ከተሞች የስልክ ቤት ባለቤቶችና ቴክኒሻኖች ነው። የኩባንያዎቹን ታሪክ በአጭሩ አልፌ ወደ ሥራው እገባለሁ።

ትልልቆቹ ትንሽ ሳሉ

ኤሪክሰን ዛሬ የሞባይል ኔትወርክ መሣሪያ ከሚሠሩት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ላርስ ማግኑስ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1876 ስቶክሆልም ላይ ሲከፍተው ግን የቴሌግራፍ መሣሪያ መጠገኛ ቤት ነበር። ከውጭ የገቡ ስልኮች ለጥገና ሲመጡለት እየፈታ አጠናቸው፤ ድክመታቸውንም አየ። እ.ኤ.አ. በ1878 የራሱን ስልክ መሥራት ጀመረ።

ሁዋዌ እ.ኤ.አ. በ1987 ሸንዘን ውስጥ ሲቋቋም አምራች አልነበረም። ከሆንግ ኮንግ የቢሮ ስልክ ማዞሪያ እያመጣ የሚሸጥ ወኪል ነበር። ትልልቆቹን ከተሞች የውጭ ኩባንያዎች ይዘዋቸው ስለነበር ወደ ገጠሩና ወደ ትናንሽ ከተሞች ወጣ። እንደሚነገረው፣ በቻይና ገጠር አይጥ የስልክ ሽቦ እየበላ ሲያስቸግር ሌሎች አቅራቢዎች ጉዳዩን የደንበኛው ችግር አድርገው ተዉት፤ የሁዋዌ መሐንዲሶች ግን አይጥ የማይደፍረው ሽቦ አዘጋጁ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የራሱን ትልቅ ማዞሪያ ለገበያ አቀረበ። ከገቢው ቢያንስ አሥር በመቶውን በየዓመቱ ለምርምር ማዋልንም ደንቡ አደረገ።

ለእኛ የሚቀርበው ቴክኖ ነው። እናት ኩባንያው ትራንሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ተመሥርቶ ከሁለት ዓመት በኋላ ፊቱን ወደ አፍሪካ አዞረ። ለገበያው ቀስ በቀስ ያቀረበው ሁለት ሲም የሚቀበል ስልክ፣ ቶሎ የማያልቅ ባትሪ፣ ጥቁር ፊትን አጥርቶ የሚያነሳ ካሜራና በአማርኛ መጻፊያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠሚያ ከፈተ፤ ካርልኬር የሚባል የጥገና አገልግሎትም ዘረጋ።

የሦስቱም ፈጠራ የተነሳው ከተበላሸ ዕቃና ከተጠቃሚው የየዕለት ችግር ነው። ይህ ጥሬ ዕቃ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ ይመጣል። አብዛኛው ቤት ግን ጠግኖ ይረሳዋል።

1. የጥገና ደብተር ይክፈቱ

ለእያንዳንዱ ስልክ ስምንት ነገር ይጻፉ፦ ቀኑን፣ የስልኩን ሞዴል፣ ከየት ከተማ ወይም ቀበሌ እንደመጣ፣ ደንበኛው ያለውን ችግር፣ ከፍተው ያገኙትን ችግር፣ የተቀየረውን ዕቃ፣ የተከፈለውን ዋጋ፣ እና ስልኩ በዚያው ችግር ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱን።

ደንበኛው ያለውና እርስዎ ያገኙት ለየብቻ መጻፍ አለባቸው። «ቻርጅ አይገባም» የተባለው ስልክ ኬብሉ፣ ፖርቱ፣ ባትሪው ወይም ቦርዱ ላይ ያለው የቻርጅ አይሲ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ካላቀላቀሉ ከጥቂት ወራት በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል፤ የትኛው ሞዴል በየትኛው ቦታ እንደሚበላሽ፣ የትኛው መለዋወጫ ማለቅ እንደሌለበት፣ የትኛውን ስልክ ባይሸጡት እንደሚሻል።

ትልቁን ትኩረት ለመጨረሻው ዓምድ ይስጡ። ተመልሶ የመጣ ጥገና ወይ የዕቃ ጥራት ጉድለት ነው፤ ወይ የአሠራር። አንድ ዓይነት ስክሪን ደጋግሞ ከተመለሰ አቅራቢውን ይቀይሩ። ከአንድ ሠራተኛ እጅ ደጋግሞ ከተመለሰ ሥልጠናው ጎድሏል ማለት ነው። በወር መጨረሻ አንድ ሰዓት ሰጥቶ ይህን መቁጠር ከየትኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

2. የአካባቢውን ብልሽት በአካባቢው ዘዴ

ጅማ ዝናቡ የሚረዝም አገር ነው። በለቀማ ጊዜ ስልክ ከጤዛ፣ ከላብና ከአፈር ጋር ኪስ ውስጥ ይውላል። እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ የሚሠራ ሰው ስልክ ላይ ደግሞ ከፍሬው የሚወጣው ሙጫማና ስኳርነት ያለው ፈሳሽ ይደርቅበታል። የእነዚህ ስልኮች ብልሽት ቢሮ ውስጥ ከሚውል ስልክ ብልሽት የተለየ ነው።

ቻርጅ አይገባም ሲባል ፖርቱን ወዲያው ነቅሎ መቀየር በብዙ ቤቶች የተለመደ ስህተት ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ጊዜም ዕቃም ይተርፋል። በመጀመሪያ በሚያምኑት ቻርጀርና ኬብል ይሞክሩ። ቀጥሎ ትንሿን የዩ.ኤስ.ቢ መለኪያ መሐል ላይ ሰክተው ስልኩ ምን ያህል ኃይል እንደሚስብ ያንብቡ። ከዚያ ስልኩን አጥፍተው ፖርቱን በማጉያ መነጽር ይዩት። ከውስጥ የታመቀ ጥጥና አፈር ካለ በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ስንጥር ቀስ ብለው ያውጡ፤ ብረት አይጠቀሙ። አረንጓዴ ዝገት ካለ በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ያጽዱና ሲደርቅ እንደገና ይለኩ። ንባቡ ካልተለወጠ ብቻ ወደ ፖርቱ፣ ወደ ባትሪውና ወደ ቦርዱ ይለፉ። በጽዳት ብቻ ለዳነ ስልክ የፖርት መቀየሪያ ዋጋ አያስከፍሉ። የጽዳት ዋጋ ለብቻው ይተምኑ፤ ደንበኛው ወንድሙንም ይዞ ይመጣል።

ውሃ ለገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ መቅበር መፍትሔ አይደለም። ውሃው ቢደርቅ እንኳ ይዞት የገባው ጨውና ቆሻሻ ቦርዱ ላይ ቀርቶ ይበላዋል። ለደንበኞችዎ አስቀድመው የሚነግሩት ሦስት ነገር ነው፦ ወዲያው ያጥፉት፣ ደርቋል ብለው ቻርጅ ላይ አይሰኩት፣ በዚያው ቀን ያምጡት። ይህንን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አንድ ወረቀት ላይ አሳትሞ በር ላይ መለጠፍ ወጪው ትንሽ ነው።

ሦስተኛው ጠንቅ ኃይል ነው። ዋናው መስመር በማይደርስበት ወይም በሚቆራረጥበት ቀበሌ ሰው ስልኩን የሚሞላው ከጄኔሬተር ወይም ከርካሽ የሶላር ፓነል ነው። ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል የቻርጅ አይሲውንና ባትሪውን ይጎዳል። ስለዚህ ደንበኛውን «በምንድን ነው ቻርጅ የሚያደርጉት?» ብሎ መጠየቅ የምርመራው አካል ይሁን። ያበጠ ባትሪ ሲያጋጥም አይጫኑት፣ አይብሱት፣ ከሌላ ዕቃ ጋር መሳቢያ ውስጥ አይተዉት። አሸዋ ባለበት የብረት ዕቃ ውስጥ ለብቻው ያኑሩት።

አዲስ የሚሸጥ ዕቃም ከዚሁ ዝርዝር ይወጣል። ውሃ የማያስገባ የስልክ ከረጢት፣ የፖርት መክደኛና መጠኑን የሚቆጣጠር የሶላር ቻርጀር ለለቀማ ወቅት ፈላጊ አላቸው።

3. ከመግዛትዎ በፊት ይፈትኑ

አዲስ ዓይነት ዕቃ ሲመጣ ካርቶን ሙሉ ከማንሳት ሁለት ሦስቱን ወስዶ መፈተን ይሻላል። ፓወር ባንክን ለምሳሌ እንውሰድ። ላዩ ላይ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተጻፈበት ሁሉ ያን ያህል አይሰጥም። ጥሩው እንኳ በዩ.ኤስ.ቢ በኩል የሚሰጠው ከተጻፈው ከ60 እስከ 70 በመቶ ገደማ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ የተጻፈው በውስጡ ባለው ባትሪ 3.7 ቮልት ተሰልቶ ሲሆን የሚወጣው ደግሞ በ5 ቮልት ነው። መለኪያዎን ሰክተው ሙሉውን ሲያስወጡት ከግማሽ በታች ከመጣ አይግዙት። የለኩትን ቁጥር ዕቃው ላይ ለጥፈው ቢሸጡ ደንበኛው ልዩነቱን በዓይኑ ያያል።

ራውተር ሲያመጡም ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ለአንድ ኦፕሬተር ብቻ የተቆለፈ እንዳይሆን፣ እና ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም በአካባቢው በሚጠቀሙበት የ4ጂ ሞገድ መሥራቱን። ናሙናውን በሁለቱም ሲም ሞክረው ይረከቡ።

4. ስልኩን በደንበኛው ቋንቋ ያስረክቡ

በጅማ ዙሪያ ያለው ገበሬ በአብዛኛው የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ስልኩ ግን ከካርቶን ሲወጣ እንግሊዝኛ ነው። ቋንቋውን፣ መጻፊያውን፣ የፊደሉን መጠንና የጥሪውን ድምፅ አስተካክሎ ማስረከብ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ኤም-ፔሳም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ተጨምሯል። ብዙ ሰው የቡና ሽያጩን በስልክ ስለሚቀበል ዝውውር ማየትንና ደረሰኝ ማግኘትን አብረው ያሳዩ።

የደንበኛውን የሚስጥር ቁጥር ግን በምንም ምክንያት አይጠይቁ፤ ሲያስገባም ፊትዎን ያዙሩ። ለጥገና ሲቀበሉ ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን አውጥተው በእጁ ይስጡት። አንድ ጊዜ «እዚያ ቤት ስልኬን ሰጥቼ ገንዘቤ ጠፋ» ከተባለ፣ እውነት ሆነም አልሆነ፣ በገበያ ቀን ወሬው አጋሮ ይደርሳል።

5. ገንዘብዎን በቡናው አቆጣጠር ያንቀሳቅሱ

እሸት ቡና በዋናነት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ለማጠቢያ ጣቢያና ለኅብረት ሥራ ማኅበር የሚሸጥ ገበሬ ገንዘብ የሚይዘው ያኔ ነው። ጀንፈል የያዘ ሰው ዋጋ እየጠበቀ እስከ በጋው መጨረሻ ቆይቶ ይሸጣል። ክረምቱ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ እጅ የሚያጥርበት ነው።

ስለዚህ አዲስ ስልክ መስከረም መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ጥር ካለፈ በኋላ ብዙ አዲስ ስልክ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር ያድርጉ። ክረምቱ የጥገና ወቅት ነው። ሰው አዲስ ከመግዛት ያለውን ያስጠግናል፤ ዝናቡም የራሱን ሥራ ይሠራል። ስለዚህ በግንቦትና በሰኔ ገንዘብዎን ወደ ባትሪ፣ ስክሪንና ፖርት ያዙሩ።

ዋጋ ሲተምኑ የገዙበትን ሳይሆን መልሰው የሚገዙበትን ያስቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በድሮው ዋጋ የሸጠ ሰው ትርፍ ያገኘ መስሎት መደርደሪያውን መሙላት አቃተው። ዋና ዋና መለዋወጫዎችን በየሳምንቱ አዲስ አበባ ላለው አቅራቢ ደውሎ ዋጋ መጠየቅና መመዝገብ ልማድ ይሁን።

ዱቤ ላይ ትንሽ ልቆይ። የቻይናው የቴሌኮም መሣሪያ ኩባንያ ዜድ.ቲ.ኢ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኢትዮጵያ ጋር 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት ተፈራረመ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ሁዋዌና ዜድ.ቲ.ኢ የ1.6 ቢሊዮን ዶላሩን የማስፋፊያ ሥራ ተካፈሉት። ሥራውን ያገኙት መሣሪያ ስላላቸው ብቻ አልነበረም፤ በቻይና ባንኮች እየተደገፉ በብድር ማቅረብ ስለቻሉ ነው። ዱቤ የማደጊያ መሣሪያ መሆኑን ከዚህ መማር ይቻላል። ይሁን እንጂ ከእነሱ ጀርባ ባንክ ነበር፤ ከእርስዎ ጀርባ ያለው የራስዎ ዕቁብ ነው።

ስለዚህ ዱቤን በሦስት ገደብ ይያዙት። አንደኛ፣ በአጠቃላይ የሚያበድሩት መጠን ጠፍቶ ቢቀር ሱቁን የማይዘጋ ይሁን። ሁለተኛ፣ ቢያንስ የገዙበትን ዋጋ ግማሽ በቅድሚያ ይቀበሉ። ሦስተኛ፣ የመክፈያው ቀን የተጻፈና ከቡና ሽያጩ ጋር የተያያዘ ይሁን፤ ሰኔ ላይ ሰጥተው ነሐሴ ላይ መጠየቅ ጠብ ያተርፋል። ለማኅበር አባላት ከሆነ ከማኅበሩ አመራር ጋር በጽሑፍ ተዋውሎ በጋራ መስጠት ከግለሰብ ዱቤ ይሻላል።

6. ከግለሰብ ወደ ማኅበር

በአሁኑ ጊዜ በቡና ከተሞች ለቴሌኮም ዕቃ ነጋዴ ትልቁ ዕድል የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። በአጋሮ ዙሪያ የከታ ሙዱጋ ዩኒየን አባል የሆኑ ማኅበራት አሉ፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው የዱሮሚና ማኅበር ቡና እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ውድድር አንደኛ ወጥቷል። እንዲህ ያሉ ማኅበራት በርከት ያለ ስልክ፣ ራውተር፣ የደኅንነት ካሜራና የመጋዘን መብራት አላቸው፤ ሲበላሽባቸው ግን የሚጠሩት ቋሚ ሰው የላቸውም ብዬ እገምታለሁ። በወር የተወሰነ ክፍያ፣ በለቀማ ወቅት በተጠሩ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመድረስ ቃል የሚገባ አንድ ገጽ ውል አዘጋጅተው ይሂዱ።

ሌላው አዲስ ሥራ የማሳ ልየታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ደን ተመንጥሮ ያልተመረተ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የእያንዳንዱ ማሳ የካርታ መገኛም መቅረብ ይኖርበታል። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ለሚበልጥ ዙሪያው ይለካል። የቁጥሩ ትክክለኛነት እስከ ስድስት የነጥብ ቤት ነው። የተግባራዊነቱ ቀን ቢራዘምም ላኪዎችና ዩኒየኖች ለዚህ መዘጋጀት ግድ ይላቸዋል።

የማሳውን መገኛ በስማርት ስልክ ጂ.ፒ.ኤስ መያዝ ይቻላል። እርስዎ የሚያቀርቡት የተፈተኑ ስልኮች በኪራይ ወይም በሽያጭ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ የተጫነባቸው፣ ከፓወር ባንክና ከውሃ መከላከያ ከረጢት ጋር ነው። ለመዝጋቢዎቹ የሚሰጡት ሥልጠናም አለ። የጅማ ቡና በጥላ ዛፍ ሥር ስለሆነ ቅጠሉ የሳተላይቱን ምልክት ያዳክማል። መዝጋቢው እንደደረሰ ወዲያው ነጥቡን ከያዘ በብዙ ሜትር ሊስት ይችላል። ሰማይ በሚታይበት ክፍት ቦታ ቆሞ፣ ስልኩ የሚያሳየው የስህተት መጠን ወደ 5 ሜትር ወይም ከዚያ በታች እስኪወርድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቆ ይያዝ። ማታ ሲመለስ መረጃው ሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ የስልኩ መጥፋት የወር ሥራ ይዞ እንዳይሄድ።

7. ቅርንጫፍ ከመክፈት በፊት መቀበያ

ሥራው ሲበዛ ሊሙ ገነት ወይም ጌራ ላይ ሁለተኛ ሱቅ የመክፈት ሐሳብ ይመጣል። ኪራይ፣ ሠራተኛና ሁለት ቦታ የተከፈለ ዕቃ አንድ ላይ ሲመጡ የደከሙ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። መጀመሪያ በዚያች ከተማ የታወቀና የሚታመን ባለ ሱቅ ይፈልጉ። በገበያ ቀን የተበላሹ ስልኮችን ይቀበል፤ በቁጥር በታሸገ ከረጢት በሚኒባስ ይላክልዎ፤ በቀጣዩ ገበያ ተጠግነው ይመለሱ። ለእሱ በስልክ የተወሰነ ኮሚሽን ይክፈሉ። ደረሰኙ ሦስት ቅጂ ይሁን፦ አንዱ ለደንበኛው፣ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ከስልኩ ጋር። ከአንድ የቡና ወቅትና ከአንድ ክረምት በኋላ የሥራው ብዛት ኪራዩን የሚችል ከሆነ ቤቱን ይክፈቱ።

8. ሁለት ጥንቃቄ

ያገለገለ ስልክ ሲገዙ *#06# ደውለው የሚወጣውን የአይ.ኤም.ኢ.አይ ቁጥር፣ የሻጩን መታወቂያና ፊርማ ይያዙ። ሻጩ የስልኩን መክፈቻና የተያያዘበትን አካውንት እዚያው ፊትዎ ካላወጣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

ሲግናል ደካማ በሆነበት ቀበሌ የሲግናል ማጉያ አምጣልኝ የሚል ደንበኛ ይኖራል። ያለ ፈቃድ የተተከለ ማጉያ የአካባቢውን ኔትወርክ ሊያውክ ይችላል። ከመሸጥ በፊት ከኦፕሬተሩና ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ራውተሩን ከፍ ወዳለ መስኮት ማዛወር ወይም የውጭ አንቴና መጨመር ይበቃል።

9. ከገቢው ለመማሪያ

ከወር ገቢዎ የተወሰነ በመቶ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለመሣሪያና ለሥልጠና ብቻ በተለየ ሒሳብ ያስቀምጡ። የመሣሪያ ግዢ ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው እንዲህ ነው፦ ጥሩ መልቲሜትርና የዩ.ኤስ.ቢ መለኪያ፣ ሙቀቱ የሚስተካከል መበየጃና ሆት ኤር፣ ቮልቱንና አምፒሩን የሚያሳይ የኃይል መስጫ፣ በመጨረሻ ማይክሮስኮፕ። ማይክሮስኮፑን አስቀድሞ ገዝቶ በተራ መበየጃ መሥራት ገንዘብ ማባከን ነው።

አዲስ ረዳት ሲቀጥሩ በደንበኛ ስልክ ላይ እንዳይጀምር። የሞቱ ቦርዶችን አይጣሉ፤ በሣጥን ያጠራቅሙና አይሲ ማንሳትና መመለስ በእነሱ ላይ ይለማመድ። የሥራውን ምክንያት ይጠይቁት፤ የትኛውን ነጥብ ለምን እንደለካ መናገር ከቻለ በኋላ የመጀመሪያውን የደንበኛ ስልክ አጠገቡ ቆመው ያስከፍቱት።